ሰባት ቁጥር እርሾና የእማማ ዱካሌ አፍንጫ

ባዮሎጂካል ኢንጂነሪንግ እማራለሁ ብላችሁ ለሰፈር ሰው ተናግራችሁ ታውቃላችሁ? ካላወቃችሁ ይቅርባችሁ። ሰው ከሁለቱ ቃላት አንዱን ብቻ ነው የሚሰማው። ባዮሎጂ የሚለውን የሰማ ክንዱን ገልጦ "እስቲ ይቺን ነገር እያት፤ ታሳክከኛለች" ይላችኋል። ኢንጂነሪንግ የሚለውን የሰማ ደግሞ ጓሮው ስለሚያሠራው ሰርቪስ ቤት መሠረት ያማክራችኋል። እኛ ታቦር ሰፈር ያለ አንድ የባጃጅ ባለቤት ግን ሁለቱንም ቃላት ሰምቶ፣ ሁለቱንም አስታርቆ፣ "ታማብኛለች" ብሎ ባጃጁን እየገፋ መጣልኝ።

ጥፋቱ የእነሱ አይደለም። ከእኔ አፍ "አላውቅም" የሚባል ቃል ወጥቶ አያውቅም። ለክንዱ ቅባት አዘዝኩ። ለሰርቪስ ቤቱ "መሠረቱ ትንሽ ጠለቅ ይበል" አልኩ። ባጃጇን ደግሞ ሁለት ጊዜ ዞርኳት፣ ጎማዋን በእግሬ ነካ ነካ አደረግኩና "ድካም ነው፤ ሁለት ቀን ትረፍ" አልኩት። የሚገርመው ባጃጇ ዳነች። ከዚያ በኋላማ ማን ያቁመኝ!

ያቆመኝ የቤታችን ፍሪጅ ነው። ማቀዝቀዝ ቀነሰ። እናቴ የጥገና ሠራተኛ ልትጠራ ስልክ አነሳችና መልሳ አስቀመጠችው። "ኢንጂነር አሳድጌ ለፍሪጅ ሰው ልጥራ? ጎረቤት ምን ይለኛል?" አለች። እኔም የምማረው ስለ ባክቴሪያ ነው ማለት ሲገባኝ፣ መፍቻ ይዤ ከፍሪጁ ጀርባ ገባሁ። አንዲት ቀጭን ቱቦ አገኘሁ። ጠመዘዝኳት። ቱቦዋ "ፊስስስ" አለችና ዝም አለች። ፍሪጁም አብሯት ዝም አለ። ይኸው እስከ ዛሬ የሽሮና የበርበሬ ማስቀመጫ ሆኖ ያገለግላል፤ እናቴም እንግዳ ሲመጣ በሩን አትከፍተውም።

ይህን የምነግራችሁ ለወሬ ብቻ አይደለም። ያ ፍሪጅ ባይሞት ኖሮ እኔም ከከተማው ወጣ እስካለችው ቱላ ድረስ ነጭ ጋዋን ለብሼ ባልሮጥኩ ነበር።

የመመረቂያ ሥራዬ ቆጮ ላይ ነው። እንሰት ይፋቃል፣ እርሾ ይገባበታል፣ ኮባ በተነጠፈበት ጉድጓድ ይቀበራል፣ ከዚያ ይጠበቃል። መከራው መጠበቁ ነው፤ ሳምንታት ይፈጃል፣ ሲብስም ወራት። እኔ ከየገበያው ትንሽ ትንሽ ቆጮ ገዝቼ፣ እርሾ ውስጥ የሚኖሩትን በዓይን የማይታዩ ፍጥረታት አባዝቼ፣ ከመካከላቸው ፈጣኖቹን መርጬ ጊዜውን ላሳጥር ቃል ገባሁ። አሥራ ሁለት ብልቃጥ አዘጋጀሁ። አሥራ አንዱ እንደ እኔው ሰነፎች ወጡ። ሰባት ቁጥር ግን ሌላ ነገር ናት። ከቱላ ገበያ ጥግ፣ ከአንዲት እናት የገዛኋት ናት፤ ስልኬን እያየሁ ስለነበር ፊታቸውን እንኳ በቅጡ አላየሁም። ሰባት ቁጥር የገባችበት እንሰት በሳምንት ውስጥ ኮምጠጥ ብሎ፣ ለስልሶ፣ ሽታው ያውዳል።

አንድ ነገር ልናዘዝ። ዓመት ሙሉ ስለ ቆጮ ጉድጓድ ስጽፍ ጉድጓዱን በዓይኔ አይቼው አላውቅም። ሴቶች እንሰት ሲሠሩ ወንድ አጠገባቸው አይደርስም፤ ወጉ እንደዚያ ነው። እኔም የጉድጓዱን ሥዕል ከአንድ መጽሐፍ ገልብጬ፣ ቀስቶች ጨምሬበት፣ የራሴ አስመስዬ አስገብቼዋለሁ።

አማካሪዬ ቁጥብ ሰው ናቸው። በዓመት ውስጥ አንድ ምክር ነው የሰጡኝ፦ "እርሾህን ሁልጊዜ ሁለት ቦታ አስቀምጥ።" እኔም ከሰባት ቁጥር ግማሹን ቤተ ሙከራው ፍሪጅ ውስጥ አኖርኩ። ግማሹን በባዶ የኦቾሎኒ ቅቤ ብልቃጥ ይዤ ወደ ቤት መጣሁ። የኛ ፍሪጅ ያው ሟች ነው። ስለዚህ ከጎረቤታችን ከእትዬ አስቴር ፍሪጅ ጥግ ለመንኩ።

እትዬ አስቴር የልጅነቴን አፍንጫ የጠረጉ፣ እጃቸው የማይሰስት የቤተ ክርስቲያን ዘማሪ ናቸው። ብልቃጡን አገላብጠው አዩና "ምንድን ነው ይሄ?" አሉኝ።

እዚህ ላይ "የምርምር ናሙና ነው፤ አይነካ" ብዬ ዝም ብል ምን ነበረበት? አፌን ሞልቼ "የቆጮ እርሾ ነው፣ እትዬ። ግን ተራ እርሾ እንዳይመስልዎት። ወር የሚፈጀውን በሳምንት ያደርሳል። በእጄ የፈጠርኳት በሏት!" አልኩ።

"ኢየሱስ ጌታ ነው!" አሉ እትዬ አስቴር፤ ብልቃጡንም ከቅቤው አጠገብ በክብር አስቀመጡት።

ሥራዬን በፈታኞች ፊት የምከላከልበት ዲፌንስ በሚቀጥለው ሳምንት ሐሙስ ነበር። የዚያው ሳምንት ሰኞ ጠዋት ቤተ ሙከራ ገብቼ ፍሪጁን ስከፍት ሞቅ ያለ አየር ፊቴን መታኝ። ብልቃጦቼ ሻጋታ ለብሰዋል፤ ሰባት ቁጥርም አረንጓዴ ጸጉር አብቅላለች። ሶኬቱን ተከትዬ ሄድኩ። ሶኬቱ ተነቅሏል። በምትኩ የተሰካው የስልክ ቻርጀር ነው። የማን ቻርጀር እንደሆነ አትጠይቁኝ። ገመዱ ላይ በእናቴ እጅ የተጠመጠመ ቀይ ፕላስተር ነበረበት።

አማካሪዬ መጥተው ሻጋታውን አዩ፣ ቻርጀሩን አዩ፣ እኔን አዩ። "ሁለተኛው ቦታ?" ብለው ጠየቁ።

"አለኝ!" አልኩ ደረቴን ነፍቼ። "ዛሬውኑ አመጣዋለሁ!"

"ካላመጣህ የምታሳየው ነገር የለህም፤ ለሚቀጥለው ዓመት ትቆያለህ" አሉና ሄዱ። እናቴ ለምርቃቴ ዘመድ ሁሉ ጠርታ ጨርሳለች።

ከካምፓስ ታቦር እንዴት እንደደረስኩ አላስታውስም። የእትዬ አስቴርን ፍሪጅ ከፈትኩ። ቅቤው አለ። ከቅቤው አጠገብ ያለው ቦታ ባዶ ነው። ዞር ስል የኦቾሎኒ ቅቤው ብልቃጥ ተለቅልቆ፣ ተደፍቶ፣ የዕቃ ማድረቂያው ላይ ፀሐይ ይሞቃል።

"እትዬ!" አልኩ። ብልቃጡን አንሥቼ አሳየኋቸው።

"ውይ፣ ሳልነግርህ!" አሉ እየሳቁ። "ለእህቴ ለዱካሌ ሰጠኋት። ባለፈው ክረምት ጉልበቷን አሟት እዚህ እኔ ጋ ስትታከም፣ ጎርፍ ጉድጓዷ ገብቶ የእናታችንን እርሾ አበላሸባት። ስንት ዘመን የኖረ እርሾ! ከጎረቤት ተውሳ ሞከረች፤ እምቢ አላት። ዘመን መለወጫችን ፍቼ ደግሞ ደረሰ። ያለ ቆጮ ፍቼ አለ? ቁጭ ብላ ስታለቅስ አንተ ትዝ አልከኝ። በሳምንት ያደርሳል አላልክም?"

"ብያለሁ" አልኩ።

"አርብ ዕለት ነው የወሰደችው። ጉድጓድ ውስጥ ገብታለች። እግዚአብሔር ይባርክህ፣ የኔ ኢንጂነር!"

ቆሌዬ ተገፈፈ። የእኔ መመረቅ አንድ ነገር ነው። ሰባት ቁጥርን ግን ከብልቃጥ በቀር የትም ሞክሬያት አላውቅም። ጉድጓድ ውስጥ ገብታ ብታበላሽባቸውስ? አንዲት አሮጊት በእኔ ጉራ ምክንያት የፍቼ ቆጯቸው ሊደፋ ነው። "ተነሡ፣ ቱላ እንሂድ!" አልኳቸው።

ጋዋኔን እንደለበስኩ፣ የበረዶ ሳጥን በትከሻዬ፣ የናሙና ዕቃ በፌስታል ይዤ ከእትዬ አስቴር ጋር ባጃጅ ውስጥ ገባሁ። አጠገባችን የተቀመጡ ሰውዬ ሳጥኑንና ጋዋኑን አይተው፣ ሳያማክሩኝ እጅጌያቸውን ሰበሰቡና "ዶክተር፣ ግፊቴን እስቲ" አሉኝ። በሌላ ቀን ቢሆን እለካላቸው ነበር። እትዬ አስቴር ደግሞ "ዶክተር አይደለም፣ ኢንጂነር ነው" አሉላቸው። ሰውየው ወዲያው "እንግዲያው ስለ አንድ መሠረት ልጠይቅህ" አሉ። ቱላ እስክንደርስ ስለ መሠረት ሰማሁ።

እማማ ዱካሌ አጠር ያሉ፣ ወገባቸውን በነጠላ ያሰሩ፣ ዓይናቸው የሚስቅ አሮጊት ናቸው። "ዳኤ ቡሹ! እንኳን መጣህ!" ብለው ከአቮካዶው ዛፍ ሥር ወንበር አወጡልኝ። መቀመጥ የት አለ! ከጓሮ የሴቶች ድምፅ እየሰማሁ ነው። ጉድጓዱ ሊገላበጥ የተከፈተው በዚያው ቀን ነበር። ሳጥኔን ይዤ ወደ ጓሮ ስንደረደር እማማ ዱካሌ በዚያ በታመመ ጉልበታቸው ቀደሙኝ።

"የት?"

"ጉድጓዱን ላየው ነው፣ እማማ። ናሙና መውሰድ አለብኝ።"

"ወንድ አይደለህም እንዴ?"

መቼም እዚህ ላይ ምን ይባላል? "ነኝ" አልኩ።

"እንግዲያው ከአጥሩ ወዲያ አታልፍም። ምን እንደምትፈልግ ንገረኝ፤ እኔ አወጣልሃለሁ።"

እንዲህ ሆኖ ነው በሕይወቴ ትልቁን የሳይንስ ሥራ በአጥር ላይ እየጮህኩ የሠራሁት። ጓንት፣ አልኮል፣ ሙቀት መለኪያና ስድስት ብልቃጥ በአጥሩ አቀበልኩ። ከወዲያ በኩል እሳቸውና ሦስት ጎረቤቶቻቸው ናቸው።

"በመጀመሪያ እጃችሁን በአልኮሉ አጽዱ!" አልኩ።

ሳቅ ሰማሁ። "አስቴር፣ ይሄ ልጅ እጃችን ቆሻሻ ነው እያለ ነው" አሉ እማማ ዱካሌ። እትዬ አስቴር "ሥርዓቱ ነው፣ አድርጉለት" አሏቸው። አንዷ ሴትዮ አልኮሉን እንደ ሽቶ አንገታቸው ላይ እንደቀቡት በኋላ ሰማሁ።

"ከሦስት ቦታ ይውሰዱ! ከላይ፣ ከመካከል፣ ከሥር!"

"ከሥሩ እንዴት እንደሚወጣ ልታስተምረኝ ነው?"

"ሙቀቱን በመለኪያው ይለኩልኝ!"

"የሕፃን ገላ መታጠቢያ ያህል ነው" አሉ።

"መለኪያውን አስገብተውት ነው?"

"እጄን ነው ያስገባሁት። መለኪያህን ከፈለግህ አሁን አስገባልሃለሁ።"

ጻፍኩት። ምን ላድርግ? መለኪያው ያለውን በአንድ መስመር፣ እማማ ዱካሌ ያሉትን በሌላ መስመር አሰፈርኩ። ኮምጣጣነቱን የሚያሳየውን ወረቀት ቀለሙ እስኪቀየር እኔ ስጠብቅ፣ እሳቸው ቁንጣሪ አሽትተው "ገና ነው፤ ግን መንገድ ይዟል" ይላሉ። ወረቀቱም ትንሽ ቆይቶ ያንኑ ይላል። ስድስቱም ብልቃጥ ላይ እንዲሁ ሆነ። አፍንጫቸው ከወረቀቴ በፊት ይደርሳል።

ብልቃጦቹ በአጥሩ ሲመለሱ እማማ ዱካሌ አብረው ወጡ። ቆጮው እስከ ክንዳቸው ድረስ ነው። አሁን ዓይናቸው አይስቅም።

"ልጄ፣ ይቺን እርሾ ከየት አመጣሃት?"

"በቤተ ሙከራ ያገኘኋት ናት" አልኩ። ድምፄ ትንሽ ደከም አለ።

"አንተ አገኘሃት?"

"አዎ... ማለቴ..."

ጣታቸውን አፍንጫቸው ሥር አደረጉ። "አርብ ዕለት ብልቃጡን ስከፍተው ደጋግሜ አሸተትኩት። አስቴር ብትሰማ አበደች ትላለች ብዬ ዝም አልኩ። ዛሬ ጉድጓዱን ስከፍት አረጋገጥኩ። ይቺ የእናቴ እርሾ ናት። ይቺን ሽታ እኔ አጣታለሁ?" ከዚያ ፊቴን ትክ ብለው አዩት። "ቆይ፣ ቆይ። ዓምና ገበያ ላይ ስልኩን እያየ 'ማንኪያ የምታህል ቆጮ ይስጡኝ' ያለኝ ልጅ አንተ አይደለህም?"

ስልኬ ያለበትን ኪስ በእጄ ሸፈንኩ።

"ማንኪያ ቆጮ የሚገዛ ሰው አይቼ ስለማላውቅ፣ ምስኪን፣ ምንም የለው ይሆናል ብዬ መርቄ ጨመርኩልህ!"

እስቲ አስቡት። "በእጄ የፈጠርኳት" እያልኩ ለአገር ያወራሁላት ሰባት ቁጥር፣ ባለቤቷ ፊቴ ቆመዋል፤ በዚያ ላይ በነጻ ጨምረውልኛል። መሬት ተከፍቶ ቢውጠኝ ደስ ባለኝ። ይቅርታ ልጠይቅ አፌን ስከፍት እማማ ዱካሌ በዚያ በቆጮ እጃቸው አንገቴን አቀፉኝ። ነጩ ጋዋን ነጭነቱ አበቃ።

"እኔ ቤት ሞታ አንተ ቤት ኖረች!" እያሉ ያለቅሳሉ፣ ይስቃሉ። እትዬ አስቴርም ነገሩ ሲገባቸው ከአቮካዶው ሥር መዝሙር ጀመሩ። እኔም አለቀስኩ። በአምስት ዓመት ትምህርቴ ውስጥ እንደዚያች ደቂቃ ደስ ብሎኝ አያውቅም፤ እንደዚያች ደቂቃም አፍሬ አላውቅም።

ሲረጋጉ እንባቸውን በክንዳቸው ጠርገው ጠየቁኝ። "እስቲ አንተ የተማርከው ንገረኝ። ብዙ እንሰት ነው ያስገባሁት። ለፍቼ ይደርሳል?"

"ያለ ጥርጥር!" ልል ነበር። ምላሴ ላይ ደርሶ ነበር። እጃቸውን አየሁና "አላውቅም፣ እማማ" አልኩ። "ጉድጓድ ውስጥ ሞክሬያት አላውቅም። ሰማይ አይውደቅብኝ እንጂ እውነቱ ይኸው ነው።"

ሰማዩ አልወደቀም። እማማ ዱካሌ ትከሻዬን መታ መታ አደረጉኝ። "እኔ አውቃለሁ" አሉ። "ይደርሳል።"

ሐሙስ ደረሰ። ከሌላ ዩኒቨርሲቲ የተጋበዙት ሴት ፈታኝ ቆፍጣና፣ መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው የሚያዩ ዶክተር ናቸው። ከወረቀቴ ላይ ቀና ሳይሉ የሰንጠረዡን ገጽ ገለጡ። የአጥሩን ማስታወሻ እንዳለ ነበር ያስገባሁት፤ ሁለተኛውን መስመር ላወጣው አስቤ እጄ እምቢ አለኝ።

"ይህ እ.ዱ. የተባለው መሣሪያ ምንድን ነው?" አሉ። "ከሙቀት መለኪያህም ከአሲድ መለኪያህም ጋር ሁሌ ይስማማል። እንዲህ ያለ መሣሪያ ሰምቼ አላውቅም። የት ነው የተሠራው?"

"ቱላ" አልኩ።

አማካሪዬ ዓይናቸውን ጨፈኑ።

"ቱላ?"

"እማማ ዱካሌ ማለት ነው፣ ዶክተር። በአፍንጫቸውና በእጃቸው ነው የሚለኩት።"

አዳራሹ ተንጫጫ። ከኋላ የተቀመጡት እናቴና እትዬ አስቴር ብቻ ናቸው ዝም ያሉት። ፈታኟ መነጽራቸውን አወለቁ። "የጉድጓዱን ሥዕል አይቻለሁ። ጉድጓዱን ራስህ አይተኸዋል?"

"አላየሁም። ሥዕሉን ከመጽሐፍ ነው የገለበጥኩት። ወንድ ስለሆንኩ እማማ ዱካሌ ከአጥሩ አላሳለፉኝም። እርሾዋንም ያገኘኋት እኔ አይደለሁም፤ የእሳቸው እናት እርሾ ናት። እኔ ገዛኋት፣ በብልቃጥ አስቀመጥኳት፣ ግማሹን ገደልኩ፣ ግማሹን መለስኩ። የሠራሁት ይኸው ነው።"

ይህን ያህል እውነት በአንድ ትንፋሽ ተናግሬ አላውቅም። እናቴ ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። ፈታኟ ቀስ እያሉ ፊታቸው ተፈታ፤ ከዚያ ከት ብለው ሳቁ።

"እንኳን አላሳለፉህ!" አሉ። "እኔ እንሰት እየፋቅኩ ነው ያደግኩት። ጉድጓዱን እኔ አይቼዋለሁ፤ ሥዕልህ ላይ ኮባው ተገልብጦ ነው የተነጠፈው። አሁን ብልቃጡን ወዲህ አምጣ።" ብልቃጡን ከፍተው አሸተቱ። ረጅም ጊዜ አሸተቱ። ዓይናቸው ውስጥ የሆነ ነገር አለፈ። "እናታችን ቤት ይህ ነበር የሚሸተው" አሉ በዝግታ፤ ለእኛም አልነበረም የሚናገሩት።

አለፍኩ። ማስተካከያ የተባለው ሁለት ነገር ብቻ ነው፤ ኮባው ይገልበጥ፣ የእማማ ዱካሌ ስም በመጀመሪያው ገጽ ላይ ይግባ።

ፍቼም ደረሰ፣ ቆጮውም ደረሰ። እማማ ዱካሌ ቤት እናቴና እኔ ተጋብዘን ቡርሳሜውን፣ ያንን በቅቤ የራሰ ቆጮ፣ ከትልቁ ገበታ ዙሪያ ከሰፈሩ ሰው ጋር በላን። አንጀቴ ቅቤ ጠጣ ስላችሁ በሁለት በኩል ነው።

የተጠረዘው መጽሐፍ ሲወጣ የመጀመሪያውን ቅጂ ይዤ ቱላ ወረድኩ። ጥቁር ሽፋን፣ በወርቃማ ቀለም የተጻፈ ርዕስ፣ ገልጠው ሲያዩት ደግሞ ስማቸው። ስማቸውን በጣቴ እየተከተልኩ አነበብኩላቸው። እማማ ዱካሌ መጽሐፉን ተቀበሉ፣ በእጃቸው መዘኑት፣ ገለጡት፣ አፍንጫቸውን መካከሉ ላይ አስገብተው ሳቡ። እኔና እትዬ አስቴር ትንፋሻችንን ይዘን ጠበቅን።

"ገና ነው" አሉ። "ግን መንገድ ይዟል።"

ከጓሮ ኮባ ቆርጠው አመጡ። መጽሐፉን በደንብ ጠቅልለው አሰሩና ምድጃው አጠገብ ካለው መደርደሪያ ላይ አስቀመጡት። እስከ ዛሬም እዚያው ነው። እትዬ አስቴር ቱላ በሄዱ ቁጥር ደርሶ እንደሆነ ይጠይቁልኛል።